በድልህ ጠርሙስ ያሳደግሁት ትል

ትል ያስጠላኛል። የግብርና ባለሙያ ሆኜ ይህን መናገር ያሳፍራል፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው። አንድ በጋ ሙሉ፣ ቆቦ በተከራየኋት ጠባብ ክፍል፣ ከአልጋዬ አጠገብ በድልህ ጠርሙስ አገዳ ቆርቁር የሚባለውን የማሽላ ትል አሳድጌ ምግብ ሁሉ አስጠልቶኝ ነበር።

ጣጣውን ያመጣሁት ራሴ ነኝ። ሮቢት የሚኖሩት አጎቴ ማሽላቸው ፍሬ ሳይዝ ደረቀባቸው፤ አገዳውን ስንሰነጥቀው ውስጡ በትል ተቦርቡሯል። እሳቸው ግን እንደ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ለከብት ብለው ደጃቸው ላይ ከመሩት።

"ትሉ በጋውን እዚያው ውስጥ ተኝቶ ነው የሚከርመው። በትነው ፀሐይ ያስመቱት" አልኳቸው።

"ወላሂ፣ ትል ከንፋስ ጋር ነው የሚመጣው። ከእኔ ክምር የወጣ አሳዪኝና ያን ጊዜ እበትነዋለሁ።"

እልኸኛ ነኝ። "አሳይዎታለሁ" ብዬ ከክምሩ ጥቂት አገዳ መዝዤ ሄድኩ።

ቆራርጬ ጠርሙሱ ውስጥ ከተትኩና አፉን በሻሽ አሰርኩት። አንዱን አገዳ ሰንጥቄ ባየሁ ቁጥር ያ ነጠብጣብ ያለበት ገላ እንደ አክታ ሙልጭልጭ ይላል። ወራት አለፉ፤ ትሎቹ አይበሉ፣ አይሞቱ። ክፍሌ ሻጋታና የትል ኩስ ሸተተ። አከራዬም ጠርሙሱን ካየች ወዲህ ቤቴ መግባት ተወች።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል እኔም አገዳውን ውሃ ረጨሁት። ትሎቹ ቡናማ ቅርፊት ለበሱ። ከዚያ አንድ ጠዋት ሻሹ ላይ አመድማ የእሳት እራት ተለጥፋ አገኘሁ፤ አገዳው ላይ የወጣችበት ክብ ቀዳዳ ይታያል። የክንፏ ብናኝ ጣቴ ላይ ቀርቶ ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩ። ቢሆንም ደስ አለኝ፤ ረትቻለሁ።

ጠርሙሱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በሚኒባስ ሮቢት ሄድኩ። አጎቴ ወደ ብርሃን አንስተው ረጅም ጊዜ አዩት።

"ከእኔው ክምር?"

"ከእርስዎው።"

ቃላቸውን ሊጠብቁ ተነሥተው አንድ አገዳ ሳቡ። ክብ ቀዳዳ አለበት። ሌላ ሳቡ፤ እሱም ቀዳዳ አለበት። ያው ዝናብ እዚህም ዘንቧል። ከክምሩ ባሻገር፣ የእሳት እራቶቹ እንቁላላቸውን የሚጥሉበት አዲሱ የማሽላ ቡቃያ ለምለም ሆኖ ቆሟል። ጠርሙሱን ያየሁበት ዓይን በራሴ ላይ ዞረ፤ ራሴን ተጸየፍኩ።

አጎቴ አልተቆጡም። አገዳውን ቀስ ብለው ክምሩ ላይ መለሱት።

"እኔስ ሳላውቅ ነው አሳዪኝ ያልኩሽ" አሉ። "አንቺ ግን ታውቂ ነበር።"