የእህቴ ድምፅ የገባበት

እህቴ የምትኖረው በድምፅዋ ነው። ማየት ለተሳናቸውና ለማንበብ ጊዜ ላጡ ሰዎች መጽሐፍ እያነበበች ትቀርጻለች። ስቱዲዮዋ የቤቷ ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ነው፤ ግድግዳውንም በሩንም በአሮጌ ፍራሽና ብርድ ልብስ ስለሸፈነችው ከተዘጋ በኋላ በር ተወርውሮ ግድግዳውን ካላነቃነቀው በቀር ውጭ ቢጮኹ አይሰማም።

ያን ዕለት ጠዋት «ድረሺልኝ!» ብላ ደወለች። ማይክሮፎኑን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ትንሹ የድምፅ ሳጥን ይቀርጻል፣ የተቀረጸውን መልሶ ማሰማት ግን እምቢ ብሏል። አሳታሚው ደግሞ ምዕራፉ ተሰምቶና ታርሞ እስከ ቀትር ካልደረሰኝ መጽሐፉን ለሌላ አንባቢ እሰጣለሁ ብሏታል። እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ስለምሠራ ኮምፒውተር የማውቅ ይመስላታል።

ገብተን በሩን ዘጋን። ሙቀቱ ለጉድ ነው! ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ። ማዳመጫውን ቀየርኩ። የሳጥኑን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው አዞርኩ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሳሁ። ስክሪኑ ላይ የድምፁ መስመር ይሄዳል፣ አረንጓዴው መብራት ይጨፍራል፣ ጆሯችን ላይ ግን ጭጭ። ሁሉንም ሰብስቤ በመስኮት ልወረውረው አማረኝ፤ ደግነቱ ክፍሉ መስኮት የለውም።

«ምናልባት የተበላሸው ቅጂው ይሆናል። እስቲ አዲስ ቅረጪ» አልኳት።

እህቴ ማይክሮፎን ስትሞክር እንደ ሰው «አንድ፣ ሁለት» አትልም። የድምፅ ልክ የሚታወቀው ከልብ ሲናገሩ ነው ባይ ናት። ስለዚህ የልቧን ተናገረች፦ «ለሳምንት ብለው መጥተው ይኸው ከረሙ! በር ቀስ ብሎ መዝጋት የሚባል ነገር አያውቁም! ወይ አይሄዱልኝ፣ ወይ አያሠሩኝ! አንገሸገሹኝ!»

አማቷን ነው፤ የባሏን እናት። ሳሎን ተቀምጠዋል።

«እሰይ፣ ይውጣልሽ» አልኳት።

አጫወትነው። ጭጭ። ድምፁን ጨምረን ደገምነው። ጭጭ። «ጆሮ ዳባ ልበስ አለ እኮ ይሄ ርጉም!» ብላ ሳጥኑን በጥፊ አለችውና ቅጂውን ለሦስተኛ ጊዜ ለቀቀችው። ከዚያ ተስፋ ባለመቁረጥ ምዕራፉን ከመጀመሪያው ለቀቅነው፤ እስከ መጨረሻው ሄደ፣ ትንፍሽ የለም። እህቴ እንባዋ መጣ። «በቃ፣ መጽሐፉ አመለጠኝ» አለች።

ድምፁ በየት እንደሚወጣ የሚመረጥበትን ቦታ የከፈትኩት ያኔ ነው። የተመረጠው የእኛ ሳጥን አልነበረም። «የሳሎን ስፒከር» ይላል። ባሏ ማታ ለእናቱ ዘፈን ሊያሰማ ያለ ገመድ አገናኝቶት፣ እንደዚያው ትቶት ተኝቷል።

እህቴ አነበበችው። ፊቷ አመድ መሰለ።

በሩን ስንከፍት አማቷ ቆመው ጠበቁን።

«ምዕራፉን ሰማሁልሽ፣ ልጄ» አሉ። «እንደ ውኃ ይፈሳል። ሰውየው ደብዳቤውን ሲቀድ ብቻ በር ጓ ሲል ይሰማል። እኔ ነኝ። እሷን አውጪና ላኪው።»

ቦታውን አገኘነው፤ እንዳሉትም ነበር። እሷን መስመር ደግማ አነበበች፣ ላክነው፣ በሰዓቱ ደረሰ። አሳታሚው «ቀጥይ» ብሎ ጻፈላት።

ወደ ሳሎን ስንወጣ አማቷ ልብሳቸውን እያጣጠፉ ሻንጣ ውስጥ ያስገባሉ።

«እማማ፣ አይሂዱ» አለች እህቴ። «የምሬን ነው።»

አማቷ ቀና ብለው እንኳ አላዩዋትም።

«ተይ ልጄ» አሉ፤ «ሦስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።»