ሰላም ገባሁ ያለችው ልጄ

ልጄ ሀያት አዲስ አበባ ነው የምትሠራው። ባለፈው የዓመት ፈቃዷን ወሰደችና ሻንጣ በጀርባዋ አዝላ ብቻዋን ኬንያ ገባች። እዚህ እኛ ከተማ፣ መካነ ሰላም ደግሞ ሰው ውጭ ሀገር የሚሄደው ለሥራ ነው። «ሀገር ልታይ ነው» ብንል ጎረቤቱ ሁሉ የደበቅነው ነገር ያለ መሰለው። እናቷ ዘይነባማ እህል ከጉሮሮዋ አልወርድ አላት። «ማን ቤት ታድራለች? ቢያማትስ?» ትለኛለች።

ሦስት ቀን ድምፅዋ ጠፍቶ በአራተኛው ደወለች። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። «አባዬ... ሰላም ገባሁ» ከማለቷ ተቋረጠ።

«‹መካነ› ያለችውን ኔትወርኩ በልቶት ነው፤ መካነ ሰላም ገብታለች!» ብዬ ዘይነባን ይዤ ወደ መናኸሪያ በረርኩ። የገባውን አውቶብስ ሁሉ ከፊት ወንበር እስከ ኋላ ፈተሽን። ሰው ከበበን። ረዳቶቹ ሳይቀሩ «ሻንጣ ያዘለች ልጅ ያየ!» እያሉ ይጣሩልን ጀመር። አንዲት ሴትዮማ «አላህ ያገናኛችሁ» ብለው አለቀሱልን።

በዚህ መሃል ሀያት በቪዲዮ ደወለች።

«የት ነሽ? መናኸሪያ ቆመን ቀረን እኮ!»

«የምን መናኸሪያ? ዳሬሰላም ነው ያልኩህ፣ አባዬ! ታንዛኒያ!»

ከኋላዋ ዓይን እስኪደክም ድረስ ውሃ ብቻ ነው። ዘይነባ ስልኩን ነጠቀችኝ። «አሁኑኑ ተመለሺ» ልትላት ነው ብዬ ስሳቀቅ፣ ስልኩን ከራሷ በላይ አንስታ ለሕዝቡ አሳየች።

«እዩልኝ ልጄን! ብቻዋን እኮ ነው ባሕር ድረስ የሄደችው!»

መናኸሪያው በእልልታ ቀለጠ። እሷ ግን ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ ጮኸች፦

«አንቺ! ከውሃው ራቅ በይ!»