ከኋላዬ የተስተካከሉ ቬስፓዎች

ባሕር ማዶ፣ ቻምብሊ በምትባል ከተማ ያለው ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ዴቭ ስለ ልምዴ አንዲትም ጥያቄ አልጠየቀኝም። በፈረንጆቹ ስልሳዎቹ መጀመሪያ ጣሊያን አገር የተሠራ፣ ዝገት የበላው ቬስፓ ፊቴ አቁሞ "አስነሳው" አለኝና ሄደ። ከዚያ በፊት ኮሌጅ ፓርክ ከተማ ውስጥ የሆቴል ሚኒባስ እየነዳሁ ከአየር ማረፊያ መንገደኛ አመላልስ ነበር። የሰው ሻንጣ ወገቤን ጨርሶታል። እጄን ያፍታታሁት ግን አዲስ አበባ፣ ሞተርሳይክል ጋራዥ ውስጥ ነው።

ካርቡራቶሩን ፈትቼ አጠብኩ፣ ካንዴላውን ቀየርኩ፣ ፑንቲናውን አስተካከልኩ። ከሰዓት በኋላ ተነሣ። ዴቭ ጭሱን በእጁ እያራገበ መጣና "ነገ ጠዋት ና" አለኝ። ደስታዬ እንዳይታወቅብኝ ጎንበስ ብዬ መፍቻዎቹን መጥረግ ጀመርኩ።

ፑንቲና ለማታውቁ ልንገራችሁ። ሁለት ትናንሽ የሚነካኩ ብረቶች ናቸው። ሲላቀቁ ካንዴላው እሳት ይተፋል። ቀድመው ከተላቀቁ ሞተሩ ወደ ኋላ ይመታል፣ ሲብስም ፒስተን ይበሳል። ከዘገዩ ጉልበት አይኖረውም። እኔ የምለካው በሲጋራ መጠቅለያ ወረቀት ነበር። ስሱን ወረቀት በመካከላቸው አስገብቼ በአንድ እጄ ሳብ እያደረግኩ፣ በሌላው ሞተሩን ቀስ አድርጌ አዞራለሁ። ወረቀቱ ልቅቅ ሲል ጣቴ ያውቀዋል። ዴቭ ለዚሁ ሥራ የኤሌክትሪክ መለኪያ ገዝቶልኝ ነበር፤ መሳቢያ ውስጥ ወርውሬ ረሳሁት። ትዕቢተኛ ነበርኩ፣ አሁንም ነኝ።

ማታ ያስተካከልኩትን ሞተር የምፈትነው በማግስቱ ጠዋት ነው። ሲሞቅ ሁሉም ሞተር ደህና ይመስላል፤ እውነቱን የሚናገረው ቀዝቅዞ ሲያድር ነው።

ኑረዲን እዚያው ጋራዥ የተቀጠረው ዓመታት አልፈው ነው። የኮምቦልቻ ሰው ነው፣ አርባን ያለፈ፣ የልጆች አባት፣ ዲቪ ደርሶት የመጣ። እጁ ፈጣን፣ አፉ ቁጥብ ነው። የጋራዡን ቁልፍ የያዘው እሱ ስለሆነ ከሁላችንም ቀድሞ ይገባ ነበር። "እርስዎ" ከሚለው ቃል ወርዶ አንድም ቀን አናግሮኝ አያውቅም።

ኮሎ ማቅናት ግን የእኔ ብቻ ሥራ ነበር። ኮሎ የምንለው ፒስተኑ የሚያዞረውን ዋናውን ዘንግ ነው። በመዳብ መዶሻ መታ ያደርጉታል፣ በጣት ይዳስሱታል፣ ደግሞ መታ ያደርጉታል። ኑረዲን እንዳሳየው ሲጠይቀኝ "ትደርስበታለህ፣ ምን ያጣድፍሃል?" እለው ነበር። ጡረታዬ ሲቃረብ አሳየዋለሁ ብዬ ነው።

አንድ ክረምት የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ አስቸገረኝ። ብርዱ ነው አልኩ። ብሎን ከእጄ መውደቅ ጀመረ። ብሎኑን ሰደብኩት። ቬስፓዎቼ ግን ጠዋት ጠዋት በመጀመሪያው እርግጫ ይነሡ ስለነበር ስለ እጄ አልተጨነቅኩም።

በዓመቱ ለዒድ ኑረዲን ፈቃድ ወጣ። በዚያው ሰሞን ደንዉዲ የምትኖር አንዲት የጥርስ ሐኪም ሰማያዊ ቬስፓዋን ለመውሰድ ቀጠሮ ይዛ ነበር። ማታ ፑንቲናውን አስተካክዬ ሄድኩ። ጠዋት እሷ ቆማ እያየች ማስነሻውን ረገጥኩ። ፔዳሉ ወደ ኋላ ተወርውሮ ቅልጥሜን መታኝ። ፈታሁት፣ በወረቀቴ ለካሁት፣ ረገጥኩት። አሁንም መታኝ።

"ተወው፣ አትድከም" አለኝ ዴቭ። "ሰኞ ኑረዲን ያስተካክለዋል፣ እንደ ሁልጊዜው።"

"እንደ ሁልጊዜው ማለት?"

ዴቭ ፊቱ ቀላ። "የምታውቅ መስሎኝ ነበር" አለ። ሴትየዋ ስልኳ ላይ አቀረቀረች። እኔ መግቢያ ቀዳዳ አጣሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሰኞ ኑረዲን ገና ጃኬቱን ሳያወልቅ ያዝኩት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ምኑ ጋሽ ሙሉጌታ?"

"ኑረዲን!"

መሬት መሬት አየ። "ካለፈው ዊንተር ጀምሮ። ጠዋት ስገባ ቼክ አደርጋለሁ። ከሳተ አድጀስት አደርገዋለሁ። ደህና ከሆነ ግን አልነካውም፣ ወላሂ።"

"ደህና የሆነ ነበር?"

ጃኬቱን ማውለቅ ጀመረ።

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"በምን አፌ? እጅዎ አይሠራም ብዬ ለእርስዎ ልንገር? አባቴን እንዲህ እላለሁ? ሪስፔክት ነው እኮ ጋሼ።"

"አክብረኸኝ ነው ዓመቱን ሙሉ ያታለልከኝ?"

"አዎ" አለኝ።

ውሸት አልነበረበትም። ይሉኝታ ይዞት እንጂ ክፋት የለበትም፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ ነበር የማደርገው። ቢሆንም ለሳምንታት ሰላምታ ነፈግኩት።

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ስኳር ነው፣ የጣቶቼን ነርቭ ጎድቶታል። ዶክተሯ "ቀደም ብለው ቢመጡ ማዘግየት ይቻል ነበር፤ የሄደው ግን አይመለስም" አለችኝ። ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናዬን ሳላስነሣ ብዙ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ኑረዲንን ኮሎ ማቅናት ላስተምረው ተነሣሁ። መዶሻውን አስይዤ "እዚህ ጋ ምን ይሰማሃል?" እለዋለሁ። "ምን ሊሰማኝ ነው የሚገባው?" ይለኛል። እጄን ከእጁ አጠገብ አሳርፋለሁ። ብረቱ ቀዝቃዛ ይሁን ሙቅ እንኳን አይታወቀኝም። ቀናም ሳተም የምፈርድበት ጣት አልነበረኝም። አንዱን አጣመምን፣ ሌላውን ሰነጠቅን። አንድ ቀን ዴቭ መዶሻውን ከኑረዲን እጅ በቀስታ ተቀበለውና ኮሎ ሁሉ ወደ ሌላ ስቴት እየተላከ ይሠራ ጀመር። እኔም ሥራውን ተውኩ።

ኑረዲን አሁንም እዚያው ነው። በበዓል በበዓሉ ይደውልልኛል። ስለ ቤተሰቡ ያወራኛል፣ ስለ ጤናዬ ይጠይቀኛል። ስለ ኮሎ አንነጋገርም።

በዚህ ሙያ ላላችሁ የምለው ይህን ነው። የታላቃችሁ እጅ ሲስት ካያችሁ በዚያው ቀን ንገሩት። ይቆጣችኋል። እኔም እቆጣ ነበር፣ ምናልባትም እሰድበው ነበር። ንዴቴ ሲበርድ ግን፣ ጣቶቼ ገና ሳይሞቱ፣ ኮሎውን አስተምረው ነበር።