የግቢው አንሶላ

ድርቤ እውነተኛ ስሟ አይደለም። እናቷ ያወጣችላት ስም መታወቂያዋ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ድርቤ ያሏት ደንበኞቿ ናቸው፤ አንዴ የሰፋችውን ተመልሳ በላዩ ካልደገመችበት እጇ አያርፍማ! ሱሪ ያሳጠረችለት ሰው ጨርቁ ነትቦ ጉልበቱ ቢቀደድ እንኳ ጠርዙ ንቅንቅ አይልም። «እትዬ ድርቤ፣ እኔ አልቄ ይሄ ጠርዝ ሊቀር ነው እኮ» ይላታል የግቢው ዘበኛ። «ታዲያ ለልጅህ ታወርሰዋለሃ» ትለዋለች፣ ቀና እንኳ ሳትል።

የምትኖረውም የምትሠራውም በአንዲት ክፍል ነው፤ ከሕንፃው ደረጃ አጠገብ። አልጋው ጥግ ላይ፣ ማሽኑ መስኮቱ ሥር፣ መሃል ላይ መጋረጃ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በመስኮቱ ስትገባ የጨርቅ ብናኝ በብርሃኑ ውስጥ ይንሳፈፋል። የድርቤ እግር ማሽኑን ይረግጣል፣ ዓይኗ ግን ፈዞ የት እንደሚሄድ እሷም አታውቀው። በዚያ ሰዓት የመጣ ደንበኛ ሁለት ሦስቴ ካልተጣራ አትሰማውም። ጆሮዋ ጣሪያው ላይ ነው።

ከጣሪያው በላይ ታናሽ እህቷ ትኖራለች። ፀጉር ሠሪ ናት፤ አፏ የማያርፍ፣ ሳቋ መንገድ ማዶ የሚሰማ። ድርቤ የነጠላ ጫማዋን ኮቴ ታውቀዋለች። ወንበር ስትስብ፣ ውሃ ስትከፍት፣ መስኮት ስትዘጋ ታውቃለች። ከእህቷ የቀራት ይኸው ነው። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ሁለቱ ሆድና ጀርባ ናቸው፤ ደረጃው ላይ ሊገናኙ ሲሉ አንደኛዋ ቁልፍ የረሳች ትመስልና ትመለሳለች። ስንት ዓመት ሙሉ ቁልፍ ይረሳል?

ጠቡ የመጣው ከልቅሶው ላይ ነው። ድርቤ ያ ሁሉ ለቀስተኛ በተቀመጠበት ተነሥታ «አንቺማ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው የመጣሽው! ስትማቅቅ የት ነበርሽ?» ብላ እህቷ ላይ ጮኸች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ? ታናሿ አፏን ከፈተች፣ ትክ ብላ አየቻት፣ መልሳ ዘጋችው። እንደዘጋችው ቀረ።

ድርቤ ለማንም ያልነገረችው ነገር አለ። እናቷን ወራት አስታማለች፤ አገላብጣ፣ አጥባ፣ አጉርሳ። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ማሽኑ ላይ ግንባሯን ጣል አድርጋ እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነቃ እናቷ የለችም። እህቷ ላይ የጮኸችው ራሷ ላይ መጮህ አቅቷት ነው። ይህን ታውቃለች፤ ግን ማወቅና ደረጃ መውጣት ይለያያሉ።

ታዲያ አንድ ቀን የቀሚስ ልክ የምታስወስድ ደንበኛ እንደዋዛ «እህትሽ ልትሄድ ነው አሉ፤ ሌላ ከተማ፣ ልጇ ዘንድ ልትኖር። በዚሁ ወር» አለቻት። ድርቤ ሁለት ስፒል በከንፈሯ ይዛ ነበር። ሳትውጣቸው መቅረቷ ተአምር ነው። ያን ቀን የሠራችው ቀሚስ አንዱ እጅጌ ከሌላው ረዘመ፤ በዕድሜዋ እንዲህ ያለ ነገር ሠርታ አታውቅም።

የሥዕል አስተማሪው የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። ቀጭን፣ ኪሱ ሁሉ በቀለም የተጨማለቀ ሰው ነው፤ ግቢው ውስጥ ከተሰባሰቡ በጎ ፈቃደኞች ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ሥዕል ያስተምራል። ካርቶን በብብቱ ወሽቆ በር ላይ ቆመ።

«እትዬ ድርቤ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር። እዚህ ግቢ ሰው የሚተዋወቀው በበር ቁልፉ ድምፅ ነው። የጥላ ትርዒት ልናሳያቸው አስበናል፤ ካርቶን ቆርጠን፣ ከኋላ መብራት አብርተን። ለመጋረጃው እያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ አንሶላ ያውሰንና እርስዎ ቢያገጣጥሙልን?»

«አንድ ትልቅ ጨርቅ አትገዙም እንዴ?»

«የተገዛ ጨርቅ የማንም አይደለም። ሰው የገዛ አንሶላው ከተሰቀለ ግን ለማየት ይወጣል።»

«አሁን ደግሞ ‹ድር ቢያብር› ልትለኝ ነው።»

«ኧረ ከአፌ አልወጣም!»

«ምላስህ ላይ ደርሶ ነበር፤ አይቼዋለሁ።»

አስተማሪው ሳቀ። ቀጥሎ አደራውን ነገራት፦ አንሶላዎቹ በማግስቱ ለየባለቤቱ ስለሚመለሱ ስፌቱ ላላ ይበል፤ በእጅ ሲጎትቱት እንዲለቅ። «ቀላል ነው» አለች። ልትሸኘው ስትል «ተረቱን የሚተርከው ማነው?» ብላ ጠየቀች፣ እንዲያው ለነገሩ ያህል።

«ከላይ ያሉት ፀጉር ሠሪዋ ናቸው። ምን ዓይነት ድምፅ መሰለዎት!»

ድምፁማ ምን ዓይነት እንደሆነ ድርቤ ታውቃለች። «አምጣው አንሶላውን» አለች።

አንሶላዎቹ መጡ። አበባ ያለበት፣ ሰንበር ያለበት፣ ካውያ ያቃጠለው፣ ሕፃን የሸናበት ምልክት ያልለቀቀው፣ የሙሽራ የሚመስል ዳንቴላ የተሰፋበት። የእህቷ ነጭ ነው፤ ፀሐይ ፀሐይ ይሸታል። ክፍሉ ሁሉ አንሶላ በአንሶላ ሆነ፤ ጨርቁ ከማሽኑ እየወረደ አልጋውን አለበሰ፣ ወለሉን ሞላ፣ በበሩ ሾልኮ ወጣ። ድርቤ ደመና ላይ የተቀመጠች መሰለች። ይኼኔ ከላይ የእህቷ ድምፅ መጣ። ተረቱን እየተለማመደች ነው። ቃሉ አይለይም፤ በሲሚንቶው ውስጥ የሚያልፈው ዜማው ብቻ ነው፣ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ያርፋል። ድምፁ ሲያርፍ ማሽኑ ያርፋል፤ ድምፁ ሲነሣ የድርቤ እግር ይነሣል። ደንበኛ መጥቶ ተጣርቶ ሄደ። ፀሐይዋ ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ ኮርኒሱ ወጣች። ድርቤ እንዲህ ደስ ያላት ቀን ትዝ አይላትም። እጇ ደግሞ በበኩሉ የሚያውቀውን ይሠራ ነበር።

ቅዳሜ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንሶላው ከጫፍ እስከ ጫፍ ግቢው ላይ ተዘረጋ። እውነትም ሰው ወጣ! «ያ የኛ ነው፣ ያ ባለ ሰንበሩ!» የማይል አልነበረም። መብራቱ በራ። ካርቶን ሴትዮ፣ ካርቶን ወፍ፣ ካርቶን በር በአንሶላው ላይ ይሄዱ ጀመር። ተረቱ ጥላዋ ስለጠፋባት ሴት ነው፤ ከቤት ቤት እየዞረች «ጥላዬን አይታችኋል?» ትላለች፣ ያየ የለም፤ እያንዳንዱ ቤት ግን ከራሱ ጥላ ቆረስ እያደረገ ይሰጣታል። ድርቤ ከኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የእህቷን ድምፅ ቃል በቃል ሰማች። ሴትየዋ ተረቱ ላይ «ደህና ዋላችሁ፣ የቤቱ ሰዎች?» ስትል፣ ድርቤ ከሌላው ሕዝብ ጋር «ደህና!» ብላ መለሰች። ትዳፈራለች እንግዲህ፤ ከሕዝብ ጋር ነዋ! ትርዒቱ አልቆ ሲጨበጨብ ግን እህቷ ከአንሶላው ጀርባ ሳትወጣ በሌላኛው በር ገባች። ድርቤ በርጩማዋን ይዛ ብቻዋን ተመለሰች።

በማግስቱ ጠዋት የሥዕል አስተማሪው አንሶላዎቹን ሊለያይ መጣ። ጎተተ። አልለቀቀም። እግሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጎተተ። ጎንበስ ብሎ ስፌቱን አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

«እትዬ ድርቤ... ይሄ እኮ ድርብ ነው።»

ድርቤ መጥታ አየች። አፏን በእጇ ያዘች። «ወይ ጉዴ! እጄ ነው፤ እኔ አይደለሁም!»

ወሬው በደረጃው ወጣ። «ሌሊቱን ፍራሽ ሲወጋኝ ያደረው ሳያንስ!» እያለ አንዱ ወረደ፤ ሌላዋ «ድርቤን ላላ አድርጊ ማለት ዓሣን ዋና አትዋኝ ማለት አይደለም እንዴ? ምን ነክቷችሁ ነው?» እያለች። ምላጭ ያለው ምላጭ፣ የጥፍር መቁረጫ ያለው የጥፍር መቁረጫ ይዞ መጣ። አንሶላው ግቢው መሃል ተነጠፈ፤ ሰው ዙሪያውን ተቀምጦ ጉልበቱን ሸፍኖ መተርተር ጀመረ። የድርቤ ስፌት ቶሎ አይለቅም። እጅ ሲያዝ አፍ ይፈታል። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ጡረተኛ ሻይ አወረዱ። ጎረቤቷ ዓመት ሙሉ ታማ እንደነበረች ያልሰማች ሴት «እኔ እኮ የሄድሽ መስሎኝ!» ብላ አቀፈቻት። ነፋስ ሲመጣ አንሶላው ከሰዉ ጉልበት ላይ ቀስ ብሎ እየተነፋ ይወርዳል፤ ጠዋቱ ረዘመ፣ ማንም የቸኮለ አይመስልም።

ታናሿ የወረደችው መጨረሻ ላይ ነው። የእሷ አንሶላ መሃል ላይ ስለነበር መሃል ገብታ ከመቀመጥ ሌላ ምርጫ አልነበራትም። በዚያው ስፌት ሌላ ጫፍ ላይ ድርቤ ተቀምጣለች። አንዷ ከዚህ፣ አንዷ ከዚያ እየተረተሩ ተቀራረቡ። ጉልበታቸው ሊነካካ ሲል ድርቤ ምላጩን አስቀመጠች። አሁን ካልተናገረች መቼም አትናገርም።

«መቼ ነው የምትሄጂው?»

«ሐሙስ።»

«ያን ቀን ያልኩሽ...» የተተረተረውን ክር ጣቷ ላይ ጠመጠመች። «ተኝቼ ነበር። እማዬ ስትሄድ እኔ ተኝቼ ነበር። ስነቃ ፊቷ ወደ እኔ ዞሯል። መዞር የማትችለዋ ሴትዮ! እንዴት ብትጠራኝ ነው? ጠርታኝ አልሰማኋትም። ይኸው እስከ ዛሬ ይሄ ነው የሚበላኝ፤ አንቺ ምንም አላደረግሽም።»

ታናሿ ክሯን ጥቂት ሳበች። ከዚያ ቀና አለች።

«እኔ ነኝ ያዞርኳት።»

«ምን?»

«ከሥራ ሹልክ ብዬ መጥቼ ነበር እኮ፣ እታለም። አንቺ ማሽኑ ላይ ተደፍተሽ፣ ክር ጉንጭሽ ላይ ተለጥፎ። ልቀስቅሳት ስል እማዬ እጄን ያዘችኝ። ‹ተያት፣ ደክሟታል› አለችኝ። ውሃ ሰጠኋት፣ ጠጣች። ከዚያ ‹ወደ እሷ አዙሪኝ፣ እያየኋት ልተኛ› አለችኝ። አዙሬያት ወደ ሥራዬ ሄድኩ።»

«ታዲያ ለምን... ለምን አልነገርሽኝም?»

«ያ ሁሉ ሰው ፊት ‹አስታማሚዋ ተኝታ ነበር› ልበል? በኋላማ ተናደድኩ። እልኸኛ ነኝ፤ አታውቂኝም?»

ድርቤ ግንባሯን እህቷ ጉልበት ላይ፣ አንሶላው ላይ ደፋች። ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ እንደ ሕፃን፣ ሳታፍር። የግቢው ሰው እጁን አቆመ። ጡረተኛው ከወዲያ «ምነው፣ ምላጩ ቆረጣት እንዴ?» ብለው ሊነሡ ሲሉ ታናሿ እጇን አንሥታ አስቆመቻቸው።

«ተዉአት» አለች፣ የእህቷን ራስ እየደባበሰች። «ደክሟታል።»