የስፌት መኪና ውጭ የምታድርበት ከተማ

ሌባው ቁልፉን አልሰበረም። ረዲያን መጀመሪያ ግራ ያጋባት ይኸው ነው። ጭሮ ከመናኸሪያው በታች ባለችው ባለ አንድ በር ሱቋ ላይ ያንጠለጠለችው ቁልፍ እንደተቆለፈ ነበር፤ ጭረት እንኳ የለበትም። የተፈታው ቁልፉን የያዘው ብረት ነው። አራቱ ብሎኖች ተፈትተው ደፉ ላይ በረድፍ ተቀምጠዋል። ሰውዬው አስር ቁጥር መፍቻ ይዞ መጥቶ፣ ሳይቸኩል ሠርቶ ሄዷል። የወሰደውም የስፌት መኪናዋን ራስ ብቻ ነው። ጠረጴዛውን ከነፔዳሉ፣ ካውያውን፣ የደንበኞቹን ጨርቅ ሁሉ አልነካም።

ጎረቤቶቿ ተሰብስበው ጥፋተኛው ሌባው ሳይሆን ብሎኖቹን ወደ ውጭ አዙሮ ያሰረው አናጢ ነው ብለው ፈረዱና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ረዲያ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖታል። አስረኛ ክፍል የምትማር ኢንሳፍ የምትባል ልጅ አለቻት፤ ሁለቱን ያኖረቻቸው ያቺ መኪና ነበረች። አሁን የቀረቻት አልጋ ሥር በጆንያ ተጠቅልላ የኖረችው የእናቷ አሮጌ መኪና ናት። ዘይት አጠጣቻት፣ ቺንጋዋን ቀየረችላት፣ ሠራች። ከስፌቱ ይልቅ ድምጿ ይበልጣል እንጂ ትሠራለች። ሦስተኛ ግን የለም። ይቺም ከሄደች ረዲያ በእጅ መርፌ ቁልፍ እየተከለች ልትኖር ነው። ስለዚህ ወሰነች፤ ሌባ የማይበዛበት ከተማ ፈልጋ ልጇንና መኪናዋን ይዛ ትሄዳለች።

መወሰኑስ ቀላል ነበር። የትኛው ከተማ ነው ሲባል ነው ነገሩ የተበላሸው።

ኢንሳፍ ደብተር አወጣች። ገጹን በማስመሪያ ለሁለት ከፍላ በአንዱ ወገን «ሰላም ነው»፣ በሌላው ወገን «ሰላም አይደለም» ብላ ጻፈች። ከዚያ በስልኳ፣ የክፍል ጓደኞቿና የየከተማው ተማሪዎች ባሉበት ቴሌግራም ላይ «ሌባ የሌለበት ከተማ የቱ ነው?» ስትል ጠየቀች። በማግስቱ ስልኩን ይዛ እናቷ ጋ መጣች።

«እማ፣ ሰባ ሁለት ሰው መልሷል።»

«ምን አሉ?»

«የገለምሶ ልጆች ገለምሶ ሰላም ነው፣ ሌባው ያለው በዴሳ ነው አሉ። የበዴሳዎቹ ደግሞ እኛ ጋ ሌባ የለም፣ ያለውም ከገለምሶ የሚመጣ ነው አሉ።»

«ስለ ጭሮስ?»

«ስለ ጭሮ አንድ ልጅ ብቻ ነው የጻፈው። መኪናችሁን ካገኛችሁ ንገሩኝ፣ የኔም ብስክሌት እዚያው አካባቢ ሊኖር ይችላል ብሏል።»

ረዲያ የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ይሻላል አለች። ሱሪ ሊያስጠብብ የሚመጣ አንድ ፖሊስ ደንበኛ ነበራት። ወገቡን እየለካች ጠየቀችው።

«በመዝገብ ከሆነ» አለ ፖሊሱ እጁን ወደ ላይ እንዳነሳ፣ «የትንንሾቹ ከተሞች መዝገብ ቀጭን ነው።»

«እንግዲያው እዚያ ሌባ የለም ማለት ነዋ?»

«እሱን እኔ አላልኩም። ሰው ነገሩን ሽማግሌ ጋ ከጨረሰ እኛ ጋ ምን ያመጣዋል? መዝገብ የሚያሳየው የመጣውን ነው።»

«መዝገቡ ወፍራም የሆነበትስ?»

«ወይ ሌባ በዝቷል፣ ወይ ሰው ፖሊስ ያምናል።»

«የትኛው ነው ታዲያ?»

ፖሊሱ እጁን አወረደ። «ሱሪውን ለሐሙስ ታደርሺልኛለሽ?» አላት።

በዚህ ጊዜ ረዲያ የሰው ቃል ትታ የራሷን መለኪያ አበጀች። ሰፊ ለሰፊ አይዋሽም። በየከተማው እየሄደች በረንዳ ላይ የሚሰፋ ሰው ፈልጋ አንድ ነገር ብቻ ትጠይቃለች፤ መኪናህ የት ታድራለች? ውጭ የምታድር ከሆነ ከተማው ሰላም ነው። ተሸክመዋት የሚገቡ ከሆነ አይደለም። እንደ ሜትር ነው፤ አያከራክርም።

የጀመረችው ከመቻራ ነው፤ የባሏ የአጎት ልጅ ዓሊዩ እዚያ ይሰፋል። ኢንሳፍን ከመኪናዋ ጋር ቤት አስቀምጣ ተሳፈረች። መንገዱ እንደሆነ የታወቀ ነው፤ አጥንቷ ተቆጥሮ፣ በአቧራ ቡን ብላ ደረሰች። ወቅቱ ቡና የሚሰጣበት ስለነበር በየግቢው ቀዩ ቡና ተዘርግቷል፤ በየቡናው አጠገብም ዱላ የያዘ ሰው ቁጭ ብሏል።

«መቻራ?» አለ ዓሊዩ ስትጠይቀው። «ወላሂ፣ እዚህ ሌባ የሚባል ነገር የለም! አስራ አንድ ዓመት ሰፋሁ፣ አንድ መርፌ አልጠፋብኝም።»

«እነዚህ ዱላ የያዙት ምን ይጠብቃሉ?»

«ፍየል ነዋ!»

ረዲያ ደስ አላት። አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ግን ዓሊዩ ቺንጋውን ፈታ፣ የመኪናውን ራስ ከጠረጴዛው ነቅሎ በብርድ ልብስ ጠቀለለውና ትከሻው ላይ ጣለው። ወደ ቤቱ የሃያ ደቂቃ ዳገት ነው። እሷም ከኋላው እየተከተለች፣

«ዓሊዩ፣ ሌባ ከሌለ ለምን ትሸከማታለህ?»

«ስለምሸከማት ነዋ ሌባ የሌለው!» አለ እያለከለከ።

ረዲያ እስከ ዳገቱ ጫፍ ስታስብ ሄደች፤ አልገባትም። በስልክ ለኢንሳፍ ነገረቻት።

«እና ‹ሰላም ነው› ውስጥ ልጻፈው?»

«በእርሳስ ጻፊው» አለች ረዲያ።

ቀጥሎ መሰላ ነበር። አሁን ግን መጠየቅ ብቻውን እንደማይበቃ አውቃለች፤ የገበያ ቀን ጠብቃ የእናቷን መኪና ራስ በጆንያ አድርጋ ይዛ ሄደች። ሠርታ ልታየው ነው። ምናልባት ብላም የብስክሌት ሰንሰለት ከነቁልፉ ጨምራለች። መሰላ ላይ ሦስት ሰፊዎች የሚቀመጡበት በረንዳ አገኘች። የበረንዳው አንጋፋ ጃዕፈር የሚባል፣ መነጽሩን በክር አስሮ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ነው። አንዱ መኪና ለጥገና ተወስዶ ባዶ ጠረጴዛ ስለነበረ፣ ከየት እንደመጣች ሰምቶ፣

«ጭሮ ሰው አልቆ ነው እኛ ጋ የመጣሽው? እሺ፣ ተቀመጪ» አላት።

ቀኑን ሙሉ ዚፕ ስትቀይር፣ የቀሚስ ጫፍ ስታጥፍ ዋለች። መሃል ላይ ጥያቄዋን አመጣች።

«ወንድም ጃዕፈር፣ መሰላ ሌባ አለ?»

«ሌባ? አቦ፣ ሞልቷል!» አለ ጃዕፈር፣ እግሩን ከፔዳሉ ሳያነሳ። «ባለፈው የኡምኩልሱም ዶሮ ሄደች። ከዚያ በፊት ከመስጊድ በር አዲስ ጫማ። የኔንም ባልዲ ወስደዋል፤ ያውም ውሃ ያለበትን! ውሃውን እንኳ አልደፉልኝም።»

ረዲያ ሰንሰለቷን በእግሯ ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ግን ጃዕፈር ተነሳ፣ መኪናውን እንዳለች የማዳበሪያ ከረጢት አለበሳት፣ ከላይ ድንጋይ ጫነባትና ጃኬቱን ለበሰ። ጎረቤቱ ሰፊም እንዲሁ አደረገ።

«ምን ልታደርጉ ነው?» አለች ረዲያ።

«ወደ ቤት ልንሄድ።»

«መኪናዎቹስ?»

«እነሱ ቤት የላቸውም፣ እዚሁ ናቸው» ብሎ ሳቀ። ሰንሰለቱን ሲያይ ደግሞ ጎረቤቱን ጠራ። «ና እይ! ጭሮዎች መኪና እንደ ውሻ ያስራሉ!»

«ሌባ ሞልቷል አላልከኝም?»

«ሞልቷል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ማን ይወስዳታል? ማሎ፣ እባክሽ ሸፍኛትና ሂጂ። ሰው ያያል፣ አታሰድቢን።»

ረዲያ አፈረች። ሰንሰለቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ የእናቷን መኪና በከረጢት ሸፈነች፣ ድንጋይ ጫነች፣ ሦስት ጊዜ ዞር እያለች አይታ ለአዳር ወደያዘችው አልጋ ቤት ሄደች።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስትመጣ የጃዕፈር መኪና አለች። የጎረቤቱም አለች። የእሷ ጠረጴዛ ባዶ ነው። ከረጢቱ ለአራት ታጥፎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ ድንጋዩ ከላዩ።

ከረጢት አጥፎ የሚሄድ ሌባ እንደሌለ በደህና ቀን ረዲያ ራሷ ትናገር ነበር። ያን ቀን ግን የታያት የጭሮው በር፣ በረድፍ የተቀመጡት አራት ብሎኖች ናቸው። ያም ሌባ ዕቃ አሰናድቶ ነው የሄደው። ጃዕፈር «አካም ቡልቴ» እያለ ሲመጣ እንዴት አደርሽ ማለቱን እንኳ ልብ አላለችም።

«ሌባ ሞልቷል ያልከኝ ስለ ራስህ ነበር ለካ!»

«ምን?»

«ሰንሰለቴን ያስፈታኸኝ አንተ! ሸፍነሽ ሂጂ ያልከኝ አንተ! የአንተ አለች፣ የሱ አለች፣ የእኔ ብቻ እግር አወጣች? ሌባ!»

ቃሉ በረንዳውን አልፎ ሄደ። ሻይ የሚጠጣው ብርጭቆውን ይዞ መጣ፣ ድንች የሚመዝነው ሚዛኑን ትቶ መጣ። ጃዕፈር መነጽሩን አድርጎ ጠረጴዛውን አየ፣ ከረጢቱን አየ፣ መነጽሩን አወለቀ። ፊቱ አመድ መስሏል።

ሁለት ሽማግሌዎች ተጠርተው በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አንደኛው ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ «ኢንተለ ኤኙ?» አላት፤ የማን ልጅ ነሽ ማለቱ ነው።

«አባባ፣ የጠፋው መኪና ነው፣ እኔ አልጠፋሁም!»

«አባትሽ ማን ነው? ወዴት ነው አገራቸው?»

«መኪናዬን ፈልጉልኝ!»

«እዚህ ማን ያውቅሻል?»

«ማንም!»

ሽማግሌዎቹ ተያዩና፣ መልሱን ያገኙ ይመስል ራሳቸውን ነቀነቁ። ረዲያ ያበዱ መሰላት። መኪና ጠፍቶ የአያት ስም ይቆጠራል? ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ሁለት ሰዓት ያህል እንዲህ ሆነ።

ወደ ሦስት ሰዓት ላይ ከመንገዱ ማዶ ሽንኩርትና ድንች የምትሸጠው ባየች መጣች። የገብርኤል ዕለት ስለነበር አስቀድሳ መመለሷ ነው፤ ነጠላዋን እንዳጣፋች፣ የቤቷ ቁልፍ አንገቷ ላይ ነው። ስድሳን ያለፈች፣ ኩንታል ድንች ብቻዋን የምታዞር ሴት ናት። ሕዝቡን ገፍታ ገባች።

«ምንድን ነው ግርግሩ? ጃዕፈር፣ ማን ሞተ?»

«መኪና ጠፋ» አለ ጃዕፈር። የተናገረው ይህን ብቻ ነው።

«የቱ መኪና? ያቺ ባለቤት የሌላት?»

ረዲያ ቀና አለች። «የእኔ ናት!»

«እሺ፣ የአንቺ ከሆነች እኔ ቤት ናት። ሱቄን ስዘጋ ነው አንስቼ ያስገባኋት፤ ወገቤን ቆረጠችው። ከረጢቱን ላባክነው እንዴ ብዬ አጥፌ አስቀመጥኩ።»

«እትዬ… ለምን? የሌሎቹን ትተው ለምን የእኔን?»

«የጃዕፈርንማ ማን ይነካታል? አንዱ ይዟት ቢታይ ሕፃን እንኳ ‹የጃዕፈር መኪና!› ይላል። ያንቺን ማን ያውቃታል? በመንገድ ይዟት ቢሄድ ‹የእኔ ናት› ይላል፣ እኛም ‹አላህ ያግዝህ› ብለን እናሳልፈዋለን። የማን እንደሆነ ያልታወቀ ዕቃ ውጭ ያድራል? አንቺስ አልጋ ከመያዝሽ በፊት የእኔ ናት ብለሽ ለሰው አትናገሪም?»

ሽማግሌው ከዘራውን መሬት ላይ ተከለ። «አባትሽ ማን ነው ያልንሽ ለዚህ ነበር» አላት።

መኪናዋ መጣች። መርፌዋ እንኳ ከነክሯ ናት። ረዲያ በእጇ ዳሰሰቻት፤ ደስ ሊላት ሲል የጃዕፈርን ፊት አየች። ተነስታ ፊቱ ቆመች።

«አፉ በለኝ፣ ወንድም ጃዕፈር። በአላህ ይሁንብህ፣ አፉ በለኝ።»

ጃዕፈር መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ። ሕዝቡም አልተበተነም፤ የሚመጣውን ሊሰማ ቆሟል። ረዲያ አንገቷን ደፍታ፣ ጆንያዋን አንስታ የጭሮን ሚኒባስ ልትይዝ ተዘጋጀች።

«ካሳ አልፈልግም» አለ ጃዕፈር በመጨረሻ። «የቁልፍ ቀዳዳ ግን ጠላቴ ነው። ሃያ ስምንት የተማሪ ሸሚዝ አለ። ዛሬ ቀዳዳውን ሁሉ አንቺ ትሠሪዋለሽ።»

«እሠራለሁ።»

«እስከ ማታ አይደርስም።»

«ነገም እሠራለሁ።»

«እንግዲያው መኪናሽ ዛሬም እዚሁ ታድራለች» አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱ ታየ። «ሰንሰለት አያስፈልግሽም። እስከ ዙህር ሶላት መሰላ በሙሉ ‹ጃዕፈርን ሌባ ያለችው ሴት› ብሎ ያውቅሻል። ማን ይነካታል?»

ሕዝቡ ሳቀ። ረዲያ መሳቅ ይሁን መሸሽ የሚሻላት አላወቀችም። ስድብ ነው? ግብዣ ነው? ሸሚዙን ተቀበለችና ቀዳዳ መሥራት ጀመረች። ከምሳ በኋላ ልብስ ያመጡት ሴቶች «ያቺ ናት» እየተባባሉ ነበር። አንዷ እንዲያውም የልጇን ሱሪ ሰጥታት ስትሄድ፣ «እኔንም ሌባ እንዳትይኝ፣ ነገ መጥቼ እወስደዋለሁ» አለቻት።

አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ረዲያ መኪናዋን በከረጢት ሸፈነች፣ ድንጋይ ጫነች። ከማዶ ባየች ድንቿን እየሰበሰበች፣ «ዛሬ አላነሳትም፣ ወገቤ አይችልም!» ብላ ጮኸችላት። ረዲያ አምስት ጊዜ ዞራ አይታ ሄደች። እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየችም።

ጠዋት መኪናዋ ነበረች። ከረጢቱ ጤዛ ይዞ፣ ድንጋዩ እንደተቀመጠ። አንድ ነገር ብቻ ጎደለ፤ ጠረጴዛው ሥር የረሳቻት ትንሽዬ የዘይት ጠርሙስ የለችም። ጃዕፈር ጎንበስ ብሎ አይቶ፣ «አላልኩሽም? ሌባ ሞልቷል» አላት፣ ደስ እንዳለው ሰው።

ረዲያ ወደ መንገዱ ዳር ወጥታ ለኢንሳፍ ደወለች።

«እማ፣ እንዴት ነው ታዲያ? መሰላ ሰላም ነው?»

«አላውቅም።»

«ሌባ አለ?»

«አለ። ዘይቴን ወስዷል።»

«መኪናዋስ?»

«ውጭ ነው ያደረችው።»

የደብተር ገጽ ሲገለጥ ይሰማል። «እማ፣ ይሄ በየትኛው ወገን ነው የሚገባው?»

ረዲያ ወደ በረንዳው ዞረች። ጃዕፈር ከሸሚዞቹ ሌላ ሁለት ጨምሮ ጠረጴዛዋ ላይ እየከመረ ነው።

«ደብተሩን ተዪውና ትምህርት ቤትሽ ሂጂ» አለቻት። «መሸኛ እንዲጽፉልሽ ጠይቂያቸው። ወዴት ነው ካሉሽ፣ መሰላ በያቸው። ለምን ካሉሽ… ለምን ካሉሽ፣ እናቴን ጠይቋት በያቸው።»