ደጃችን ላይ የለጠፍኩት ማስታወቂያ

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴን ሰዓዳን ወደ ሆስፒታል መልሰን ወስደናት፣ ነርሷ የኦፕራሲዮን ቁስሏን ፋሻ ስትገልጠው፣ ከመግሉ በፊት የቅቤው ሽታ ደረሰን።

"ማነው ቅቤ የቀባት?" አለች።

ወገኖቼ፣ እኔ እኮ አስጠንቅቄ ነበር! ሰዓዳ በኦፕራሲዮን ወልዳ ወደ ቤት ስንመለስ ሐኪሙ ያለንን በገዛ እጄ ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩት፦ "እጅ ታጠቡ። ቁስሉን አትንኩ። ምንም አትቀቡ።" የማታ ትምህርት የጨረስኩት ገና አሁን ነው፤ ጽሕፈቴን ያየ ግን የቀበሌ ማስታወቂያ ነው የሚለው።

ችግሩ፣ አራስ ጥየቃ የሚመጡት እናቶች ማንበብ አይችሉም። እኔም በር ላይ ቆሜ አነብላቸው ጀመርኩ።

አክስቴ ዘምዘም ከዋጃ ቅቤ ይዛ መጣች። ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

"ማሻአላህ! የኛ ልጅ ነው እንዲህ የሚያነበው? እስቲ ድገመው!"

ደገምኩት። እልል አለች። እኔ ደረቴን ነፍቼ ከኋላዋ ለመጡት ሳነብ፣ እሷ ገብታ ቀብታታለች።

"እኔንም እናቴ ያዳነችኝ በቅቤ ነው" ትላለች አሁንም፣ እያለቀሰች።

የሰዓዳ ትኩሳት አልበርድ ብሏል፤ ስፌቱም ተከፍቷል። ሐኪሙ "እንሞክራለን" ብሎን አይናችንን ሳያይ ወጣ። ሕፃኑ እህቴ ቤት ጡት ፍለጋ ያለቅሳል።

እናንተስ፣ አራስ ጠያቂውን ሳታስቀይሙ ከቁስሉ እንዴት አራቃችሁት? ጻፉልኝ። ሁሉንም አነባለሁ፤ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ከማንበብ ሌላ የማደርግላት ነገር የለኝም።