ከባሕሩ ሥር ያለችው ጓዳ

አባቴን በቁሙ አልቅሼለታለሁ። ይህን ስናገር ሰው ነገር የማሳምር ይመስለዋል። አይደለም። እኔ ጅቡቲ ወደብ አጠገብ ከል ለብሼ ስንሰቀሰቅ፣ እሱ ደባርቅ ቤቱ ተኝቶ «አጥሚቱ ቀጠነ» እያለ ከእናቴ ጋር ይነታረክ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን ያሳደገኝ አገርም ትንሽ ቢካፈለኝ አልጠላም።

አባቴ የፓርኩ ስካውት ነበር። እኛ ዘንድ ተራራ ለማየት ለሚመጣ እንግዳ መንገድ የሚያሳየው ጋይድ፣ ጠመንጃ አንግቶ የሚከተለው ስካውት፣ ምግብ የሚሠራለት ኩክ ይባላል። እኔ ኩክ ነበርሁ። ሳንቃበርና ግጭ በሚባሉት የተራራ ሰፈሮች ላይ እሳቱን ነፋስ እያጠፋብኝ ስንት ዓመት ሾርባ አፍልቻለሁ። አባቴ ከሰልፉ ፊት ሲሄድ አይቼው አላውቅም። ሁልጊዜ ከመጨረሻው እንግዳ ኋላ ነው፤ ያ እንግዳ ሲቆም ይቆማል፣ ሲቀመጥ ይቀመጣል። ወጣቶቹ ስካውቶች ሲያሾፉበት «ተራራ የሚጥለው ችኩሉን ነው፤ እኔ ደግሞ ሰው ተሸክሞ መውረድ ሰልችቶኛል» ይላቸዋል። ከፍታው ራሱን ያዞረውን እንግዳ «ትንሽ ነው የቀረን» ብለው ሊያወጡት ከሚሞክሩ ጋይዶች ጋር ሲጣላ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ያንን ሰው ይዞት የሚወርደውም እሱ ነው።

እንግዳ ሲጠፋ ኩክም ሥራ ይፈታል። ጸጥታው ታውኮ የደባርቅ ሆቴሎች ባዶ በዋሉበት ሰሞን፣ ጅቡቲ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። ባሕር የሚጠልቁ ፈረንጆችን የምታመላልስ ጀልባ ወጥ ሠሪ ትፈልጋለች አለችኝ። ከጣና ሌላ ብዙ ውሃ አይቼ አላውቅም፤ እሱንም ከጎርጎራ ዳርቻ ቆሜ ነው። እናቴ አለቀሰች። አባቴ ግን ቦርሳዬን እስከ መናኸሪያ ተሸክሞልኝ «ወጡ ላይ ጨው አታብዢ፤ እዚያ ከታች ሞልቷል» ብሎ ሸኘኝ።

ጀልባዋ ዘወትር የምትቆምበት ቦታ ሥር ሌላ ጀልባ ሰምጣለች። ማዕበል አይደለም ያሰመጣት። ያረጀች የጭነት ጀልባ ስለነበረች፣ ሞተሯንና ዘይቷን አውጥተው፣ በሮቿን ነቃቅለው፣ ዓሣ እንዲሰፍርባት ብለው ራሳቸው ናቸው ያሰመጧት። ጥልቀቱ አሥራ ሁለት ሜትር ቢሆን ነው። ባሕሩ ጸጥ ሲል ከጠርዝ ጎንበስ ብዬ ጥላዋን አያለሁ። ድንች እየላጥሁ እንግዶቹ ወደ እሷ ሲወርዱ አያቸዋለሁ፤ ሲወጡ ፊታቸው ላይ የማየው መገረም ግጭ ገደል አፋፍ ላይ ቆመው ከሚያሳዩት አይለይም። ይህንን መጥለቅ ለሚያስተምራቸው ሰው ነገርሁት። አስተማሪው ጎልማሳ ጅቡቲያዊ ነው፤ ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛው ከእኔ ይፈጥናል። ትንሽ አየኝና «እንግዲያው ድንቹን እኔ ልላጥ፣ አንቺ ውረጂ» አለኝ።

ወዲያው አላወረደኝም። እንግዳ በማይኖርበት ቀን ሁሉ ወገቤ ድረስ በሚደርስ ውሃ ውስጥ አንበርክኮ አስተማረኝ። ሕጉ ብዙ ቢሆንም ሁለቱን ደጋግሞ ነገረኝ። ትንፋሽሽን አትያዢ። ስትወጪ አትቸኩዪ፤ ከአፍሽ የሚወጡት ትንንሾቹ አረፋዎች ይቅደሙሽ፣ አንቺ ከኋላቸው ሁኚ። ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ ሲጠይቀኝ «ይህን ትምህርት አባቴ በመሬት አስተምሮኛል» አልሁት።

መጀመሪያ የወረድሁ ቀን በጣም ፈርቼ ነበር። ጀርባዬ ላይ የነበረው የአየር ሲሊንደር ጀልባዋ ላይ ሳለሁ ሊሰብረኝ ደርሶ፣ ውሃ ውስጥ ስገባ ክብደቱ ጠፋ። የገዛ ትንፋሼ እንደ ወናፍ ይሰማኛል። የሰመጠችውን ጀልባ አፍንጫ አየሁ፤ ከዚያ ደረጃዋን፤ ከዚያ አስተማሪው እጄን ይዞ ከመሪው ክፍል በታች ወዳለች ጠባብ ክፍል ወሰደኝ። በሩ ስለተነቀለ ብርሃን ይገባል። ምን እንደሆነች ለማወቅ ማንም አላስፈለገኝም። ጓዳ ናት። የብረት ምድጃዋ ከግድግዳው ጋር እንደተበየደ ቀርቷል። የሳህን መደርደሪያዋን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነገር ወርሶታል። ቢጫ ትንንሽ ዓሦች በመስኮቱ ገብተው በበሩ ይወጣሉ። ምድጃው ሆድ ውስጥ አንድ ወፍራም ዓሣ ተቀምጦ፣ አፉን እየከፈተ እየዘጋ ያየኛል። በሕይወቴ ብዙ ዓሣ ጠብሻለሁ፤ ከምድጃ ውስጥ ሆኖ የገላመጠኝ ግን እሱ ብቻ ነው። መደርደሪያውን ልጠርግ እጄን ስዘረጋ አስተማሪው ጣቱን ነቀነቀብኝ።

ያን ዕለት ለአባቴ ደወልሁ።

«ባሕር ሥር ወርደሽ ምን አየሽ?» አለኝ።

«ጓዳ።»

ሳቁ ሳል እስኪሆን ሳቀ። «አይ ልጄ! ይህን ሁሉ አገር አቋርጠሽ ከጓዳ አልወጣሽም በይኛ።»

ከዚያ ወዲያ በደወልሁ ቁጥር ከጤና ይስጥልኝ በፊት «ከጓዳው ወጣሽ?» ይለኛል። ቀልዱን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነበርን። እናቴ ባሕር ውስጥ መግባቴን ብትሰማ እህል አትቀምስምና ለማንም እንዳይናገር ለምኜው ነበር።

አንድ ሰሞን እንግዳ ጠፍቶ ሦስት ቀን በተከታታይ ጠለቅሁ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ወጥቼ፣ ጸጉሬ ሳይደርቅ ስልኬን ሳነሳ ወንድሜ ስድስት ጊዜ ደውሏል። መልሼ ደወልሁለት።

«አባባ ታሟል። ዛሬውኑ ተነሽ» አለኝ።

«ምን ሆነ?»

«ሳንባው ነው። ታሟል አልሁሽ፤ ነይ።»

ከኋላው የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል።

እኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። ሩቅ ላለ ሰው «ታሟል፣ ድረስ» ነው የሚባለው፤ መርዶው ቤት ከደረሰ በኋላ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ባለበት ነው። አያቴን «ትንሽ አመማት» ብለው ነው ከጎንደር ያስመጡኝ፤ ስደርስ ሰልስቷ ነበር። አጎቴን «ሐኪም ቤት ገብቷል» አሉኝ። ስለዚህ ወንድሜ ታሟል ሲለኝ ሞቷል ያለኝ ያህል ሰማሁት። ለታመመ ሰው ስድስት ጊዜ አይደወልም፣ ያ ሁሉ ሰውም አይሰበሰብም ብዬ ደመደምሁ። ደግሜ አልጠየቅሁትም። መጠየቅ እሱን አስጨንቆ ማስዋሸት ነው ብዬ አዘንሁለት።

አንድ ነገር ግን ዘነጋሁ። ወንድሜ ማለዘብ አያውቅም። ዳባት የሚሠራ ነርስ ነው፤ ለበሽተኛ ያለውን እንዳለ ይናገራል። እናቴ «የዚህ ልጅ አፉም መርፌ ነው» ትለዋለች። በዓለም ላይ «ታሟል» ሲል ታሟል ማለቱ የሆነ አንድ ዘመድ ቢኖረኝ እሱ ነበር።

አስተማሪው እያለቀስሁ አገኘኝ። አባቴ መሆኑን ነገርሁት። ደባርቅ ከፍታዋ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ሦስት ሺህ ሜትር ልትሞላ ጥቂት ነው የሚቀራት አልሁት። ራሱን ነቀነቀ። ሦስት ቀን የጠለቀ ሰው ደሙ ውስጥ የተጠራቀመ አየር አለ፤ ጊዜ ሰጥቶት ቀስ ብሎ በትንፋሽ ካልወጣ፣ ሰውየው አውሮፕላንም ሆነ ተራራ ላይ ሲወጣ ክዳኑ እንደተነሳ ለስላሳ ይገነፍላል፤ ሽባም ያደርጋል አለኝ። እስከ ነገ ከሰዓት መጠበቅ ነበረብኝ። ያን ዕለት አመሻሽ አንድ በረራ አለ፤ እሱ ካመለጠኝ ደግሞ የሚቀጥለው በማግስቱ አመሻሽ ነው። አስተማሪው ጥቂት አሰበና «አባትሽ በሕይወት አሉ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«የሉም» አልሁት።

«እንግዲያስ ነገ ሂጂ» አለኝ። «አሉ ብትዪኝ ሌላ ነገር እናስብ ነበር።»

ይህችን «የሉም» የምትል ቃል እስከ ዛሬ ይዣት እዞራለሁ። በሕይወት መኖሩን ባውቅ የመጣው ይምጣ ብዬ እሳፈር ነበር፤ ራሴን አውቃለሁ። እያለቀስሁ ለወንድሜ የድምፅ መልእክት ላክሁ። ባሕር ውስጥ ገብቼ ስለነበር እስከ ነገ ከፍታ ላይ መውጣት አይፈቀድልኝም፣ ቀስ ብዬ ካልወጣሁ እጎዳለሁ፣ ከነገ ወዲያ እደርሳለሁ አልሁት። ደውሎ መዋሸት እንዳይኖርበት ስልኬን አጠፋሁና ገበያ ወርጄ ጥቁር ቀሚስና ጥቁር ሻሽ ገዛሁ። የጀልባዋ ሠራተኞች ሥራቸውን ትተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሻይ አፍልተው ሰጡኝ። አንደኛው የመናዊ ነው፣ ቋንቋዬን አያውቅም፤ እሱም አብሮኝ አለቀሰ።

ከጎንደር ደባርቅ ሚኒባስ ላይ ስሳፈር ጥቁሬን ለብሼ ነው። ዳባት ላይ ሰው ለማውረድ ስንቆም አንዲት የሰፈራችን ሴት በመስኮት አየችኝና አፏን በነጠላዋ ይዛ ዞር አለች።

ደባርቅ መናኸሪያ ወንድሜ ቆሞ ይጠብቀኛል። ከጎኑ የአባቴ የነፍስ አባትና ሁለት ሽማግሌዎች አሉ። በወጉ መሠረት ጎረቤት ቤት አስቀምጠው ሊያረዱኝ ነው የመጡት። ከመኪናው ስወርድ አራቱም ልብሴን አዩ።

«ማን ነገረሽ?» አለኝ ወንድሜ።

«አንተ ነሃ።»

«መቼ?»

«ከትናንት ወዲያ፣ በስልክ።»

«ከትናንት ወዲያ አባባ ታሞ ነበር። ታሟል አልሁሽ። ያረፈው ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ቀበርነው።»

በልቤ ቆጠርሁ። በመጀመሪያው በረራ ብመጣ ትናንት እኩለ ቀን ላይ እደርስ ነበር። አራት ሰዓት ሙሉ አገኘው ነበር። ባጃጆቹ ጡሩምባቸውን ይነፋሉ፣ ረዳቱ ቦርሳሽን ተቀበዪ ይለኛል፣ እኔ መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

የነፍስ አባቱ አጠገቤ ጎንበስ አሉና «ልጄ፣ አንቺም አላጠፋሽ፣ እሱም አልዋሸ። ሕመምን ሞት፣ ሞትን ሕመም ስንል ያስለመድናችሁ እኛው ነን» አሉኝ።

ወንድሜ ግን «በቁሙ ከል ለበሽለት» አለ። ከዚያ በኋላ እስከ አርባው ድረስ ቀና ብሎ አላየኝም።

ከመቅረቴ በላይ የበላኝ ሌላ ነገር ነበር። አባቴ «ልጄ ተወችኝ» ብሎ ይሆን የሄደው? እናቴን ስጠይቃት «አንቺን አላነሳም፤ እንደተኛ ነው ያለፈው» አለችኝ። እናቴ ማለዘብ ትችልበታለች። ጎረቤቶች ደግሞ በር በሩን ሲያይ ዋለ አሉ። ማንን ልመን? አርባ ቀን ሙሉ በር በሩን የሚያይ ሰው እያየሁ ተኛሁ።

የአርባው ተዝካር ወጥቶ ሰዉ ከሄደ በኋላ፣ ወንድሜና እኔ የእድሩን አግዳሚዎች እየደረደርን ነበር። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አንዱን አግዳሚ በወዲያኛው ጫፍ እንደያዘ፣ ሳያየኝ፣

«የላክሽውን ድምፅ አሰምቼው ነበር» አለ።

«ለማን?»

«ለአባባ። ጆሮው ላይ ይዤለት። ድገምልኝ አለኝ፣ ደገምሁለት።»

አግዳሚውን ለቀቅሁት።

«ምን አለ?»

«'ምን ያስለቅሳታል? ሞቷል ብላ ነው እንዴ?' ብሎ ሳቀ፤ ሳሉ እስኪነሳበት። እውነቱን ልነግርሽ ብደውል ስልክሽ ዝግ ነው። 'ተዋት፣ አታጣድፋት፣ ቀስ ብላ ትውጣ' አለኝ።»

አላመንሁትም። እናቴ ለምናው ይሆናል፣ ወይም እሱም በስተርጅና ማለዘብ ተምሮ ይሆናል ብዬ ፊቱን አየሁ። «እውነቱን ንገረኝ» አልሁት።

«መቼ ዋሽቼሽ አውቃለሁ?» አለ ተቆጥቶ። «የከፋኝ ያኔ ነው። እሱ እየሳቀልሽ፣ እኔ ተናድጄብሽ። ደግሞ መጨረሻ ላይ ትኩሳቱ ያስቀባጥረው ስለነበር የቱን ልንገርሽ? በሩን እያየ 'ከጓዳው ወጣች?' ይለኛል። እማማን መስሎኝ ጠራኋት። ስትመጣ 'አንቺን አይደለም' አላት። የምን ጓዳ እንደሆነ ማናችንም አላወቅን።»

አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ። እያለቀስሁ እስቃለሁ። ወንድሜ ግራ ገብቶት ቆሞ ያየኛል።

«ና ተቀመጥ» አልሁት። ተቀመጠ። ስለ ሰመጠችው ጀልባ፣ ስለ ምድጃዋና ምድጃው ውስጥ ተቀምጦ ስለገላመጠኝ ዓሣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርሁት።